ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ካንዴላ አመራረጥ

ለቤት የሚያስፈልግ ዕቃ ሁሉ በመጠኑ ትልቅነት አይገመትም። መርፌ ከታጣ ልብስ አይሰፋም፤ ጨው ከጎደለም ብዙ የተደከመበት ወጥ አይጥምም። እንዲሁም ሞተር ሳይክል የምንለው ባለ ሁለት ጎማ መኪና፥ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽበት፥ እንደ ተጣለ ብረት በመንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል። የዚህም ዕቃ ስሙ ካንዴላ ነው፤ ቃሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሻማ ማለት ነው። ዛሬ ለተከበራችሁ አንባቢዎች ስለ ካንዴላ አመራረጥ ለመጻፍ የተነሣሁት የመካኒክነት ሙያ ኖሮኝ አይደለም። ነገር ግን ካንዴላን ካለማወቅ የተነሣ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ሊቋረጥ ምን ያህል ቀርቦ እንደ ነበረ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የእርሻ ባለሙያ ነበረ። ከአሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ ተብላ ከምትጠራው ከተማ፥ እየተነሣ በኩኒ፥ በበዴሳና በገለምሶ መንደሮች ሲዞር፥ ለገበሬው ስለ ቡናና ስለ ማሽላ ሲያስተምር ዕድሜውን ፈጸመ። የሚዞርባትም ሆንዳ ሲ ጂ 125 የምትባል ሞተር ሳይክል ነበረች። ይህች ዓይነት ሞተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የወጣች ስትሆን፥ መንገዱ በከፋበትና ጥገናው በማይበዛበት አገር እንድታገለግል ታስባ የተሠራች ናት። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሞተሪቱ ለባለቤቱና ለሁለት ልጆቹ ቀረች። ትልቁም ልጅ ከጭሮ ገበያ ዕቃ እየጫነ ወደ ኩኒ በመመላለስ እናቱንና ታናሽ እኅቱን ይረዳ ጀመር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የሞተሪቱ ካንዴላ አርጅቶ ስለ ነበረ፥ ልጁ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገዝቶ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ሞተሪቱ ታመመች። ጧት ከብዙ ርግጫ በኋላ ትነሣለች፤ በሜዳውም እንደ ምንም ትሄዳለች፤ የኩኒን ዳገት ስትጀምር ግን እያሳለችና ጥቁር ጢስ እየተፋች ትቆማለች። ካርቡራተሩን አሳጠቡ፥ የአየር ማጣሪያውን ለወጡ፥ ቤንዚኑንም ደፍተው ሌላ ሞሉ፤ ለውጥ አልተገኘም። ካንዴላውን ግን ማንም አልጠረጠረውም፤ አዲስ ነውና። በመጨረሻም «የሞተሩ ሆድ አልቋል» የሚል ምክር ተሰጠ፤ በብረት ዋጋ ሊገዛ የሚፈልግም ሰው ወዲያው ቀረበ።

የወንድሜ ሚስት የሽያጩን ውል እንድጽፍላት ወደ ቤቴ መጣች። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ ብዙ ውል ጽፌአለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ግን እጄ ከበደኝ። «እትዬ፥ ታናሺቱ ልጅ ገና ለአካለ መጠን አልደረሰችም፤ የእርሷም ድርሻ ያለበት ንብረት ነው፤ ከመሸጣችን በፊት አንድ ጊዜ እንጠይቅ» አልኋት። እርሷም «ወንድሜ፥ ያልጠየቅነው ሰው ማን ቀረ? አንተ ካልህ ግን ይሁን» ብላ ወረቀቱን ትተን፥ ሞተሪቱን እየገፋን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድናት።

ሽማግሌው ሌላውን ነገር ሁሉ ሳይነኩ ካንዴላውን ፈትተው አወጡ። እንደ ማድ ቤት ጣራ ጥላሸት ለብሶ ነበር። በጨርቅ ጠርገው ጽሕፈቱን ካነበቡ በኋላ «ይህ ዲ 8 ኤች ኤ ነው፤ ይህች ሞተር የምትፈልገው ዲ 8 ኢ ኤ ነው» አሉ። እኔም «ጋሼ፥ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብቻ አይደለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጌታዬ፥ እርስዎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነዎት፤ በውል ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ምንም አይደለም ይላሉን?» ብለው መለሱልኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያስረዱኝንና ከመጻሕፍትም ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ይታመቃሉ። ይህን ድብልቅ የሚያቀጣጥለው በካንዴላው ሁለት ጫፎች መካከል የሚዘልለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ ለመዝለልም ከ10000 ቮልት የሚበልጥ ኃይል ያሻዋል። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር 3000 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ጋዝ አቀጣጥሎ የሚሠራ ሞተር ኤትዬን ሌኗር የተባለው ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. በፓሪስ ሠርቶ ነበር። ለመኪና በእጅጉ የተስማማውን ካንዴላ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ጋራ አስተባብሮ በ1902 ዓ.ም. ያቀረበው ደግሞ በጀርመን አገር በቦሽ ፋብሪካ የሚሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ ነው።

እንግዲህ ካንዴላ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ልኩን ነው። ልክ ስንልም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጥርሱ ውፍረት ሲሆን፥ ኤን ጂ ኬ በተባለው በጃፓን ፋብሪካ አጻጻፍ የመጀመሪያዪቱ ፊደል ትገልጸዋለች፤ ሲ ማለት 10፥ ዲ ማለት 12፥ ቢ ማለት 14 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ካልገጠመ ካንዴላው ስለማይገባ ብዙ ሰው አይሳሳትም። ሁለተኛው የጥርሱ ርዝመት ነው፤ ይህ ከቁጥሩ በኋላ በምትመጣው ፊደል ይታወቃል። ኤች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር፥ ኢ ማለት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ከሆነ አጭሩም ረጅሙም ይገባልና።

ለረጅም ጥርስ በተበጀው ቀዳዳ አጭር ካንዴላ ሲገባ፥ ጫፉ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ይቀራል። ብልጭታው በጉድጓድ ውስጥ እንደ በራ ሻማ ስለሚሆን ድብልቁ በደንብ አይቀጣጠልም፤ ባዶ የቀረውም ጥርስ በጥላሸት ይሞላል። የወንድሜ ሞተር የታመመችው በዚህ ነበር። በአጭሩ ቀዳዳ ረጅም ካንዴላ ማግባት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከካንዴላው ጫፍ ጋራ ሊጋጭና ሞተሩን ሊያፈርሰው ይችላል። በአጻጻፉ መካከል ፒ የምትባል ፊደል ከተጨመረችም ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ ማለት ነውና፥ የሞተሩ መጽሐፍ ካላዘዘ በቀር መግዛት አይገባም።

ቀጥሎ የሚታየው የሙቀት ደረጃ ነው። የካንዴላው ጫፍ በሥራ ጊዜ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊሞቅ ይገባል። ከዚህ ቢያንስ ጥላሸቱን አያቃጥለውም፤ እጅግ ቢበልጥም ያለ ብልጭታ ድብልቁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል፥ ፒስተንም እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሞተሩ አካል የሚያስተላልፈው ካንዴላ ቀዝቃዛ፥ በጫፉ ይዞ የሚያቆየው ሙቅ ይባላል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ይህን ነው። ነገር ግን ሁሉም ፋብሪካ በአንድ መንገድ እንደማይቈጥር ማስታወስ ያሻል። በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቻምፒዮንና በአሁኑ የቦሽ አጻጻፍ ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሞቃል። ይልቁንም አሮጌ የቦሽ ካንዴላ 225ን በመሰለ ባለ ሦስት ቤት ቁጥር የተጻፈ ሲሆን፥ አቈጣጠሩ የአሁኑ ተቃራኒ ነበረ። ስለዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በማመሳከሪያው ሰንጠረዥ ይመልከት እንጂ 8 ለ8 እኩል ነው አይበል።

በእኛ አገር ደግሞ የከፍታውን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ጭሮ ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ አየሯ በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ቤንዚን ሲበዛም ካንዴላው ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሙቅ ካንዴላ ይገዛል። ይህ ሰው ግን ነገ ጭኖ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለችው ወደ ሚኤሶ፥ ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽ ቆላ በወረደ ጊዜ፥ ያው ሙቅ ካንዴላ ከልክ በላይ ግሎ ሞተሩን ይጎዳበታል። ትክክለኛው መድኃኒት ካርቡራተሩን ለደጋው አየር ማስተካከልና የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ነው፤ የካንዴላውን ደረጃ ግን የሞተሩ መጽሐፍ ባዘዘው መጠበቅ ይገባል።

የወጣውን ካንዴላ ሳያነቡ መጣልም አይገባም፤ የሞተሩን ጤና የሚናገር ምስክር ነውና። የቡና ወተት ወይም ዐመድ የመሰለ ቀለም ካለው ሞተሩ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ቢሆን ቤንዚኑ በዝቷል፥ ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል፥ ወይም ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። ጥቁር ሆኖ በዘይት የራሰ ቢሆን የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀው ሊሆን ይችላልና፥ ካንዴላ በመለወጥ ብቻ አይድንም። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተለበለበ ቢሆን ግን ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏልና፥ ምክንያቱ ሳይታወቅ መንዳት አደጋ ነው።

በገበያ የታወቀ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት አስመሳይ ካንዴላም አለ። ጽሕፈቱ የተዛነፈ ወይም በጣት ሲታሽ የሚለቅ፥ የመካከለኛው ጫፍ ከቦታው ያዘነበለ፥ ቀለበቱ፥ ማለት ሮንዴላው፥ በቀላሉ ወልቆ የሚወድቅ ከሆነ ተጠራጥሮ መመለስ ይሻላል። በከበረ ማዕድን የተሠራው ውድ ካንዴላ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ለአሮጌ ሞተር ግዴታ አይደለም፤ ልኩ የገጠመ ተራ ካንዴላ ይበቃዋል።

ሲገጠምም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ በካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ ይጠረግ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ይለካ፤ ለዲ 8 ኢ ኤ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያም ያለ መፍቻ በጣት ብቻ እስኪቀመጥ ድረስ ይጠምዘዝ። አዲስ ከሆነ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይጥበቅ፤ አገልግሎ የነበረ ከሆነ ግን በጣም ጥቂት ብቻ ይበቃዋል። የሲሊንደሩ ክዳን ከአሉሚንየም የተሠራ ነውና፥ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል፤ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛውን ዕቃ ሲለውጥም በብዙ ገንዘብ የሚጠገነውን ያበላሻል።

ሽማግሌው መካኒክ ባዶ በቀረው ጥርስ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ተጠንቅቀው ካጸዱ በኋላ፥ ትክክለኛውን ካንዴላ አገቡ። ልጁ በሁለተኛው ርግጫ አስነሣት፤ በዚያው ቀንም የኩኒን ዳገት ሳትቆም ወጣች። ያ ውል ሳይጻፍ ቀረ፤ የልጆቹም ንብረት ለልጆቹ ተረፈ።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር በቤታችሁ ያላችሁ ሁሉ፥ መጽሐፏ ቢጠፋ እንኳ የካንዴላዋን ስም ከነፊደሉና ከነቁጥሩ አጣርታችሁ በወረቀት ጻፉና በመሣሪያው ሣጥን ውስጥ አኑሩ፤ ወደ ሱቅ የምትልኩትም ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ። ባለ ሱቁ «ይኸም ያው ነው፥ ይገባል» ቢለው፥ መግባቱን ሳይሆን ፊደሉን ይመልከት።