አውቶቡሱ ካወረደን በኋላ
ብስክሌትን ከሕዝብ ማመላለሻ ጋር ስለ ማቀናጀት

አንድ መንገደኛ በምን እንደ መጣ ቢጠየቅ «በአውቶቡስ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ከቤቱ እስከ መናኸሪያው በእግሩ ሄዷል፤ ከአውቶቡሱ ከወረደም በኋላ እስከሚፈልገው ቦታ ድረስ እንደገና በእግሩ ወይም በባጃጅ ተጉዟል። ስለዚህ ማንኛውም የሕዝብ ማመላለሻ ጉዞ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ናቸው። በርቀት የሚበልጠው መካከሉ ሲሆን፣ ጊዜ የሚበሉት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህን ጫፎች በብስክሌት እንዴት ማሳጠር እንደሚቻልና ነገሩ እኛን መምህራንን ለምን እንደሚመለከተን ማስረዳት ነው።

አንድ ገጠመኝ

በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲሠማሩ እየዞርን እንገመግማቸዋለን። በመገምገሚያው ቅጽ ላይ «ሰዓት አክባሪነት» የሚል ረድፍ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚገባ የጠጠር መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የተመደበች አንዲት ዕጩ መምህርት ነበረች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ከደወሉ በኋላ ላቧን እየጠረገች ስትገባ አገኘኋት። ርእሰ መምህሩም «መምህር፣ ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ይጎድልባታል» አሉኝ። እኔም በዚያ ረድፍ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት። ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት በተቋሙ መኪና ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ መኪናው ለሌላ ሥራ ወጥቶ ስለ ነበር በሕዝብ ሚኒባስ ለመሄድ ተገደድኩ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ከከተማው የሚነሳው ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። 20 ኪሎ ሜትሩን በ30 ደቂቃ ጨርሶ መገንጠያው ላይ አወረደኝ። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው 7 ኪሎ ሜትር ግን በእግር የሚኬድ ነው። ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ ይህ መንገድ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅበታል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ የጀመረ ሰው እንግዲህ የሚደርሰው 2 ሰዓት ከ15 ላይ ነው። ደወሉ የሚደወለው ደግሞ ልክ በ2 ሰዓት ነው። ልጅቱ በመጀመሪያው መኪና እየተሳፈረች፣ በመንገድ ላይ አንዲት ደቂቃ ሳታባክን፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት መዘግየቷ የግድ ነበር። እኔ በቅጹ ላይ ጠባይዋን የለካሁ መስሎኝ የመንገዱን ርዝመት ለክቼ ኖሯል።

መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። የወንድሟን ብስክሌት ተውሳ በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭና ወሰደች፤ መገንጠያው ላይ ሻይ በሚያፈሉ እናት ግቢም ታሳድረው ጀመር። በጠጠር መንገድ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ 7 ኪሎ ሜትሩ በ35 ደቂቃ ያልቃል። እንግዲህ 1 ሰዓት ከ5 ላይ ትምህርት ቤት ትደርሳለች ማለት ነው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ 1 ሰዓት ከ35 ላይ ትገባለች። በደርሶ መልስ የምታተርፈው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን፣ በአምስት የሥራ ቀን ሲባዛ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል። ይህም ደብተር የሚታረምበት፣ የትምህርት ዕቅድ የሚዘጋጅበትና እንቅልፍ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ነጥቧን አስተካከልኩ፤ ያንን ረድፍ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሞላውም።

ሁለቱ ለምን ይረዳዳሉ?

አውቶቡስ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሩቅ ያደርሳል። ይሁን እንጂ ወጪውን ለመሸፈን ብዙ ተሳፋሪ ስለሚያስፈልገው በየመንደሩ ሊገባ አይችልም፤ በየመቶ ሜትሩ ቢቆምም ሩቅ የሚሄደው ሰው ይዘገያል። ብስክሌት በበኩሉ ተሳፋሪ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ በር ድረስ ይገባል። ነገር ግን መንገዱ ሲረዝም ነጂውን ያደክመዋል። ስለሆነም የአንዱ ድካም ባለበት የሌላው ብርታት ይገኛል።

ብስክሌት በአነስተኛ ጉልበት ይህን ያህል የሚፈጥንበት ምክንያት ቀላል ነው። በእግር ስንሄድ በየእርምጃው የሰውነታችንን ክብደት ከፍና ዝቅ እናደርጋለን። በብስክሌት ላይ ግን ክብደታችንን ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበታችን በአብዛኛው ወደ ፊት ለመሄድ ይውላል። በመሆኑም በሜዳ ላይ በእግር ለመሄድ በሚያስፈልገው ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል ፍጥነት ማግኘት ይቻላል።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ የበለጠ ይገርማል። አንድ ሰው ወደ ፌርማታው ለመድረስ 15 ደቂቃ ብቻ አለው እንበል። በእግሩ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 1 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በብስክሌት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 3 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አሁን ፌርማታውን መካከል አድርገን ሁለት ክቦች እንሥራ። ሬዲየሱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው ክብ ስፋቱ 3.14 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሬዲየሱ 3 ኪሎ ሜትር የሆነው ደግሞ 28.26 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነቱ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ፌርማታው የሚያገለግለው ስፋት በዘጠኝ እጥፍ አደገ ማለት ነው። አንድም አዲስ አውቶቡስ ሳይገዛ፣ አንድም አዲስ መንገድ ሳይጠረግ፣ ያው ፌርማታ ለብዙ መንደሮች ቅርብ ሆነ።

ሦስቱ የማቀናጃ ዘዴዎች

ሀ. መነሻው ላይ ማቆም። ተጓዡ ከቤቱ እስከ መናኸሪያው ወይም እስከ ባቡር ጣቢያው በብስክሌት ሄዶ፣ ብስክሌቱን እዚያው ቆልፎ ይሳፈራል። በዚህ ረገድ ብዙ የሠራችው ሆላንድ ናት። በዩትሬክት ከተማ ባቡር ጣቢያ ሥር እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ባለ ሦስት ደርብ ማቆሚያ 12,500 ያህል ብስክሌቶች ይይዛል። በዚያ አገር ሥራ በሚበዛባቸው የጧትና የማታ ሰዓቶች የማይታጠፍ ብስክሌት ይዞ ባቡር መሳፈር አይፈቀድም፤ ቦታ ይይዛልና። ጥሩ ማቆሚያ የተሠራውም በከፊል ስለዚህ ነው።

ለ. ይዞ መሳፈር። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች አውቶቡሶች ከፊት ለፊታቸው ሁለት ወይም ሦስት ብስክሌት የሚይዝ የብረት መደርደሪያ አላቸው። በእኛ አገር ደግሞ የአገር አቋራጭ አውቶቡስና የገጠር ሚኒባስ ጣሪያ ፍራሽም፣ በግም፣ ብስክሌትም ሲጭን ኖሯል። ይህ ዘዴ በሁለቱም ጫፎች ብስክሌት ለሚያስፈልገው ሰው ይስማማል። የጭነት ዋጋ ግን ከመሳፈር በፊት ከረዳቱ ጋር መነጋገር ያሻል፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለማንም አይበጅም።

ሐ. መድረሻው ላይ ማግኘት። ብስክሌቱ በወዲያኛው ጫፍ ይጠብቃል። የዕጩ መምህርቷ ዘዴ ይህ ነበር። በአንዳንድ አገሮች በየጣቢያው የሚከራዩ ብስክሌቶች ይገኛሉ። ከእኛ ሩቅ ያልሆነም ምሳሌ አለ። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ «ቦዳ ቦዳ» የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ መነሻው ተራ ብስክሌት ነው። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ በተለይ በቡሲያ በኩል፣ ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞችን በሁለቱ ኬላዎች መካከል የሚያመላልሱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ስሙም «ድንበር» የሚል ትርጉም ካለው «ቦርደር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። አውቶቡሱ በማይሻገርበት አጭር ቦታ ላይ ብስክሌቱ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

የአገራችን ሁኔታ

«ሆላንድ ሜዳ ናት፤ የእኛ አገር ግን ዳገት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። በአዲስ አበባ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ቢኬድ ልዩነቱ 1000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ማቀናጀት የሚያስፈልገው እንዲያውም ዳገት ባለበት ነው። ዳገቱን በአውቶቡስ ወጥቶ ቁልቁለቱንና ሜዳውን በብስክሌት መሄድ ይቻላልና። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ደግሞ ብስክሌት ዱሮም የተለመደ ነው።

በመንግሥት በኩልም ጉዳዩ ታስቦበታል። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጎዳናዎችን ለተወሰነ ሰዓት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚለቅቀው «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብር ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ወጥቷል። ዕቅዱ ፍሬ የሚያፈራው ግን በየመናኸሪያውና በየትምህርት ቤቱ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ሲተከል ነው።

መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

1. ብስክሌት ጣሪያ ላይ ሲጫን መሪው ከአካሉ ጋር ትይዩ እንዲሆን ይዙር፤ ፔዳሎቹም ቢፈቱ ይመረጣል። ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ገመዱ የሚታሰረው በአካሉ ብረት እንጂ በጎማው ላይ አይደለም። በተቻለ መጠን ከሌላው ዕቃ በኋላ ይጫን። እኔ ይህን ሳላውቅ የጫንኩት ብስክሌት ከሁለት ኬሻ ሽንኩርት ሥር ወጥቶ፣ ክብ የነበረው ጎማ እንቁላል መስሎ ስላገኘሁት መንገዱን በእግሬ እየገፋሁ ጨርሻለሁ።

2. ብስክሌት ሲታሰር ሰንሰለቱ አካሉንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይዞ ከማይነቀል ነገር ጋር ይቆለፍ። ሰው ባለበት ቦታ ማቆም ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል።

3. ከመነሳት በፊት ፍሬኑና የጎማው ነፋስ ይታይ። መናኸሪያ አካባቢ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ከመገንጠያው ወዲያ ግን ላይኖር ስለሚችል መንፊያና መለጠፊያ መያዝ ይገባል።

4. በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወዲያው ይጨልማል። አውቶቡሱ ቢዘገይ በጨለማ መንዳት ስለሚመጣ መብራትና ከኋላ የሚያንጸባርቅ ነገር ያስፈልጋል።

መምህራን ምን ማድረግ እንችላለን?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የራሳችንን ትምህርት ቤት መመልከት እንችላለን። በግቢው ውስጥ ጥበቃው ከሚያየው ቦታ ላይ የብረት ማሰሪያ መትከል ብዙ ወጪ የለውም፤ የተቋሙ የብረታ ብረት ክፍል ካለ ተማሪዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ትምህርት ማድረግ ይቻላል። የጂኦግራፊ መምህር ተማሪዎቹ የሰፈራቸውን ካርታ እንዲሥሉና እያንዳንዳቸው ከየት እንደሚመጡ እንዲያመለክቱ ያድርግ። የሒሳብ መምህር ደግሞ ከላይ ያየናቸውን ሁለት ክቦች በዚያ ካርታ ላይ ያሠራ። ከትልቁ ክብ ውስጥ ሆነው ከትንሹ ውጭ የቀሩትን ተማሪዎች መቁጠር ብቻ ብዙ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ ሴት ተማሪዎችን ማሰብ ይገባናል። በብዙ ቤት ብስክሌት ሲገዛ የሚማርበት ወንድ ልጅ ነው፤ እኅቱ ግን ያንኑ መንገድ፣ ከቤት ሥራ በኋላ፣ በእግሯ ትሄዳለች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ በአንድ የጋራ ብስክሌት ሁሉም ተራ በተራ መንዳት ቢለማመዱ ነውር መስሎ የታየው ነገር ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ብስክሌት ለሁሉም መፍትሔ ነው ማለቴ አይደለም። በክረምት ጭቃው አያስነዳም፤ መግዣ የሌለው ቤተሰብም ብዙ ነው። ነገር ግን ችግሩን ለይቶ ማወቅ የሚጀምረው ጉዞው ሦስት ክፍል እንዳለው ከማወቅ ነው። ስለዚህ፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነገ ጧት አንድ ተማሪ አርፍዶ በሩን ሲያንኳኳ፣ መዝገቡ ላይ ምልክት ከማድረጋችን በፊት አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፤ «ከአውቶቡሱ ከወረድክ በኋላ በምን መጣህ?»