ብስክሌት ለላስታ አቀበትና ቁልቁለት፦ ገንዘባችንን በየትኛው ዕቃ ላይ እናውል?

አዲስ የተራራ ብስክሌት የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ከዚህ ቀጥሎ ምን ልጨምርበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነጋዴውም፣ ጓደኛውም፣ የውጭ አገር መጽሔትም ለዚህ ጥያቄ ረጅም ዝርዝር አላቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ዝርዝር የተጻፈው ለሌላ መንገድና ለሌላ ኪስ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ ሹምሸሃ የሚወስደው መንገድ በ23 ኪ.ሜ. ገደማ ርቀት ውስጥ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንዲህ ባለው አገር የሚገጠም ዕቃ ከጌጥነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ተራራው ነው። ተራራው ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

በመጀመሪያ መቆም

ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። 500 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት የከፍታ ጉልበት 90 በ9.8 በ500 ተባዝቶ 441,000 ጁል ይሆናል። ይህ በላሊበላ ከፍታ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን አየር፣ ከፊሉን የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፤ የቀረውን መሸከም ያለበት ፍሬኑ ነው።

ድርሻውን ለማወቅ 8 በመቶ ቁልቁለት ያለውን የመንገድ ክፍል እንውሰድ። በሰዓት 25 ኪ.ሜ. የሚወርድ ነጂ በየሰከንዱ 490 ጁል ያህል ይለቃል። አየርና ጎማ 140 ያህሉን ቢወስዱ ለፍሬኑ 350 ዋት ይቀራል። አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ዐሥር ነጂዎች ተከታትለው ሲወርዱ በፍሬኖቻቸው ላይ የአንድ ምጣድ ሙቀት ይነድዳል ማለት ነው።

ፍሬኑ ቢበጠስስ? በባሕር ጠለል ከፍታ አየሩ ራሱ ነጂውን በሰዓት 52 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ይገታዋል። በላሊበላ ግን የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ያው ነጂ እስከ 58 ኪ.ሜ. ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጭማሪው ሩብ ያህል ነው። ስስ አየር ወደ ላይ ስንወጣ እስትንፋስ እንደሚያሳጥረን ሁሉ፣ ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ የተፈጥሮ ፍሬናችንን ይቀንስብናል።

የተራራ ብስክሌት ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን ይዘው በ3 ኪ.ሜ. ገደማ ውስጥ 400 ሜትር የሚወርድ የአፈር መንገድ ላይ ይወዳደሩ ነበር። ፍሬኑ በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ስለነበረ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ግራሶው እየጨሰ ያልቅና እንደ አዲስ መሙላት ግድ ይሆን ነበር። ውድድሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ «ሪፓክ» ተባለ፣ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ይሁን። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚነክስ ዓይነት ከሆነ ጥሩ የፍሬን ጎማና አዲስ ገመድ መግዛት በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሆኖም በረጅም ቁልቁለት ቸርኬው ራሱ ስለሚግል ከመነዳሪው ሊፈነዳ እንደሚችል፣ በክረምትም ውሃና ጭቃ የመያዝ ኃይሉን እንደሚቀንሱ ማወቅ ያሻል። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት በዚህ ረገድ ይሻላል። ዲስክ በኋላ ለመግጠም ግን የብስክሌቱ አካልና የጎማው እምብርት ማሰሪያ ሊኖራቸው ስለሚገባ ጉዳዩ መወሰን ያለበት በግዢው ቀን ነው። በገመድ የሚሠራ ዲስክ በተራ ቁልፍ ይስተካከላል። በዘይት ግፊት የሚሠራው የበለጠ ኃይል ቢኖረውም ዘይቱን የሚለውጥ ባለሙያና መሣሪያ በአካባቢያችን መኖሩን ሳናረጋግጥ ባንገዛው ይመረጣል።

ጭንቅላትን መጠበቅ

ከፍሬን ቀጥሎ፣ እንዲያውም ከእርሱ እኩል የሚቆመው ሄልሜት ነው። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ጭንቅላት መሬት የሚነካው በሰከንድ 5.4 ሜትር ፍጥነት ነው። በድንጋይ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚደርስበት ፍጥነት መቀነስ ከመሬት ስበት 750 እጥፍ ይሆናል። የሄልሜቱ ስፖንጅ መሰል ሽፋን እየተሰባበረ ማቆሚያውን ርቀት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢያረዝመው ግን ቁጥሩ ወደ 75 ይወርዳል። ኢ.ኤን. 1078 የተባለው የአውሮፓ መለኪያም ሄልሜትን የሚፈትነው በዚሁ ፍጥነት ሲሆን ከ250 እጥፍ በላይ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ሽፋኑ የሚያድነው በመሰባበር ስለሆነ አንድ ጊዜ ከባድ አደጋ ያገኘው ሄልሜት፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም፣ መጣል አለበት።

ጎማና ነፋስ

ብስክሌቱን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ትንንሽ የጎማ ቦታዎች ብቻ ናቸው። የኋላው ጎማ 50 ኪሎ ግራም ከተሸከመና ነፋሱ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ መሬት የሚነካው ስፋት 18 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 30 ስናወርደው 24 ይደርሳል። በላስታ ልቅ ጠጠር ላይ ይህ ጭማሪ መያዝንም ምቾትንም ይሰጣል። ከልክ በታች ከወረደ ግን ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ስለዚህ ነፋሱ ሊቀንስ የሚችለው ጎማው ሰፊና ጥርሱ ጎላ ያለ ሲሆን ነው።

ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው የግራርን እሾህ ማሰብ አለበት። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የጎማ ማውጫና የእጅ መንፊያ ከአንድ ውድ ጌጥ ይበልጣሉ። ከመነዳሪ ስንገዛም አፉ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነውን እንምረጥ፤ ማንኛውም ጎሚስታ ሊነፋው ይችላልና። መንፊያውም ረዘም ያለ ይሁን። በላሊበላ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ ግፊ የሚያስገባው አየር ያንሳል። በጅቡቲ ወደብ 100 ጊዜ ተነፍቶ የሚሞላ ጎማ እዚህ 130 ጊዜ ገደማ ይፈልጋል።

አቀበቱን መውጣት

አሁን ፊታችንን ወደ ላይ እናዙር። አንድ ጤናማ ወጣት ሳያቋርጥ 120 ዋት ቢያመነጭ 10 በመቶ አቀበት የሚወጣው በሰዓት 4 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ ዝቅተኛው ማርሽ ብዙውን ጊዜ ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ጥርስ ነው። ዙሪያው 2.07 ሜትር በሆነ ባለ 26 ኢንች ጎማ ይህ ማለት ፔዳሉ በደቂቃ 38 ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ከባድ ነው፤ ጫናውም በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። የፊቱን ወደ 22፣ የኋላውን ወደ 34 ብንቀይረው ፔዳሉ 51 ጊዜ ይዞራል፤ በእግር ላይ የሚያርፈው ጫናም በሩብ ያህል ይቀንሳል። የወጣነው ከፍታ ያው ነው፤ የተለወጠው ጉልበቱ የሚከፈልበት መንገድ ነው፤ ትልቁን ዕዳ በትንንሽ ክፍያ እንደመጨረስ ያለ።

በአንጻሩ ክብደት ለመቀነስ የሚወጣውን ብዙ ገንዘብ እንመልከት። ከ90 ኪሎ ግራም ላይ አንድ ኪሎ መቀነስ የአቀበቱን ሥራ የሚያቀልለው በ1.1 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ያስታውሷል፤ ውሃውን ግን አይተዉት። የፊቱን ጎማ በያዙት ሁለት እግሮች ውስጥ የሚገጠመው ርካሽ ሞላም እንዲሁ ነው። ክብደት ይጨምራል፤ ነጂው ቆሞ ሲረግጥም ሞላው ወደ ታችና ወደ ላይ እየሄደ የእግሩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ገንዘቡ ለጥሩ ሞላ ካልበቃ ሰፊ ጎማ ይሻላል።

መብራትን በተመለከተ

ማታ የሚነዳ ሰው ማየት ያለበት ርቀት ሊቆም ከሚችልበት ርቀት ማነስ የለበትም። በሰዓት 25 ኪ.ሜ. በጠጠር ቁልቁለት ላይ ለመገንዘብ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ 7 ሜትር፣ ለመቆም ደግሞ 8 ሜትር ያህል ይኬዳል። ከ15 ሜትር በታች የሚያሳይ መብራት ይዞ በዚህ ፍጥነት መውረድ መንገድ ዳር የተኛውን አህያ በእጅ ዳብሶ እንደመፈለግ ነው። ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ መለጠፍም ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፍሬንና ሄልሜት፣ ጎማና የጥገና ዕቃ፣ መብራት፣ ዝቅተኛ ማርሽ፤ ከዚያ የተረፈ ካለ ለፍላጎት። የገንዘብ መጠን ከሰው ሰው ቢለያይም የቁልቁለቱ ስሌት ለሁሉም እኩል ነው። ከላሊበላ ቁልቁል ከመነሣትዎ በፊት ሁለቱንም የፍሬን እጀታዎች አጥብቀው ይጨብጡ፤ እጀታው መሪውን የሚነካ ከሆነ ገመዱን ሳያጠብቁ አይነሡ።