«ሰላም» ልኬ «ሰ» ብቻ ሲመለስልኝ

ሰሞኑን አርዱይኖ ኡኖ ላይ የግብዓትና የውጤት ኮዱን ያለ ላይብረሪ ራሴ ልጽፈው ተነሳሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከላፕቶፕ የላኩትን እየተቀበለ መልሶ ይልካል፣ አንድ ባይት ባነበበ ቁጥር ባዘሯ ለ50 ሚሊሰከንድ ጢጥ ትላለች። «ሰላም» ብዬ ላኩ። የተመለሰልኝ «ሰ» እና አንድ የጥያቄ ምልክት!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሽቦውን ነው። ነቅዬ ሰካሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ስሠራ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት።

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ሰላም» 9 ባይት። በ9600 ባውድ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን በሰከንድ 960 ባይት ይገባል። አንዱ በ1 ሚሊሰከንድ ግድም ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን አንብቤ 50 ሚሊሰከንድ ሳስጮህ ቀሪዎቹ 8 መጥተው አልቀዋል። ቺፑ ደግሞ ሳይነበብ የሚያቆየው ሁለት ባይት ነው፤ ሦስተኛው መግቢያው ላይ ይቆምና ተከታዩ ሲመጣ ይደመሰሳል። ስለዚህ የ«ሰ» ባይቶች ተረፉ፣ «ላ» እንዳለች ጠፋች፣ ከ«ም» የመጨረሻዋ ባይት ብቻ ቀረች። የጥያቄ ምልክቷ እሷ ናት።

ወደ ኢንተራፕት ዞርኩ። ባይት ሲገባ ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቁሞ ይመጣል፣ ባይቷን 64 ቦታ ያለው ባፈር ውስጥ ጥሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በቃ። «እዚያው ላስጩኻት» የሚል ፈተና አለ፤ እሱ ግን ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ካንድ ተሳፋሪ ጋር ክርክር የገጠመ የታክሲ ረዳት መሆን ነው፤ የተዘረጋው እጅ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

«ሰላም» ሙሉዋን መጣች። ደስ ብሎኝ አንድ አንቀጽ ስልክ እንደገና ተበላሸ። በሰከንድ 960 እየገባ 20 ብቻ የሚወጣ ከሆነ 64 ቀርቶ 640 ቦታም ይሞላል። ባፈር ድንገተኛ ግርግርን ያሳልፋል እንጂ ዘገምተኛውን አያፈጥነውም። ስለዚህ መጠበቁን ራሱን አስወገድኩት፤ ኮዱ ባዘሯን ከፍቶ ያልፋል፣ የሚዘጋት ታይመር ነው።

አንቀጹ ፊደል ሳይጎድልበት ተመለሰ። ባዘሯ ግን በየሚሊሰከንዱ አዲስ ባይት እያራዘመላት አንድ ረጅም ጩኸት ሆነች። ከመኝታ ቤት «ምንድነው እሱ?» ሲባል ነቅዬ በቦታዋ ኤልኢዲ ሰካሁ።