ስለት ያልገቡት ሦስቱ

ታኅሣሥ 19 ቀን ሐዋሳ ገብርኤል ደጅ የቆመን ሰው «የምን በዓል ነው?» ብትሉት «የስለት ነዋ!» ይላችኋል። አይፈረድበትም። ከቡሹሎ በባጃጅ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ ሲጓዝ ያደረው፣ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ጧፍና ዕጣን፣ ሌላው ሰንጋ ይዞ ፒያሳን ሲሞላው ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ፤ በዓሉ የቆመበት ታሪክ ውስጥ ስለት የገባ አንድም ሰው የለም።

ታሪኩን ሁላችሁም በጨረፍታ ታውቁታላችሁ፤ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል በዱራ ሜዳ አቆመና የሙዚቃው ድምፅ ሲሰማ ያልሰገደ ወደ እቶን ይጣላል አለ። አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ከይሁዳ ተማርከው የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ባቢሎን ውስጥ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተብለው ሹመት አግኝተዋል። አልሰገዱም። ጠላት መቼም ከሹመት አጠገብ አይጠፋምና ተከሰሱ። ንጉሡ አስጠርቶ ሌላ ዕድል ሰጣቸው፤ ከእጄ የሚያድናችሁ አምላክ ማን ነው ብሎም ፎከረባቸው።

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ወጣቶቹ በመጀመሪያ ለዚህ ነገር መልስ መስጠት አያስፈልገንም አሉት። ቀጥለው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ነገሩት። ከዚያ ደግሞ ባያድነንም ለምስልህ እንደማንሰግድ እወቅ ብለው ጨረሱ። የእግዚአብሔርን ችሎታ ቅንጣት አልተጠራጠሩም፤ ፈቃዱን ግን እነሱ አልወሰኑለትም። ካወጣኸን ይህን እናደርግልሃለን የሚል ነገርም ከአፋቸው አልወጣም። ስብከት ላይ እቶኑ ሰባት እጥፍ መንደዱ፣ የወረወሯቸው ሰዎች በወላፈኑ መሞታቸው፣ የልጆቹ ፀጉር እንኳ አለመለብለቡ በሰፊው ይተረካል፤ ያቺ የመጨረሻ መልስ በሩጫ ትታለፋለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የምዕራፉ አከርካሪ እሷ ናት።

ታስረው የተጣሉት ሦስት ሰዎች ተፈትተው እሳቱ ውስጥ ሲመላለሱ ንጉሡ አየ፤ አራተኛም አብሯቸው ነበረ። አራተኛው ማን እንደሆነ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ይነጋገሩበታል። የእኛ ኦርቶዶክስ ትውፊት ቅዱስ ገብርኤል ነው ይላል፤ በዓሉም የዚያ መታሰቢያ ነው። በሱዳን ፋረስ የተገኘ፣ 10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተሣለ የኖባ ክርስቲያኖች የግድግዳ ሥዕል ደግሞ ሦስቱን ልጆች በቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ሥር ያሳያል። ከጥንት አባቶች ብዙዎቹ፣ ዛሬም ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን፣ ሥጋ ከመልበሱ በፊት የታየው ክርስቶስ ራሱ ነው ይላሉ። ቡሹሎ ላይ ይህን ወግ አንስታችሁ ዝም የሚል ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ከዚህ የሚበልጠውን ሀብት ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አዛርያ እሳቱ መካከል ቆሞ የጸለየው ረጅም ጸሎት አለ። በስልካችሁ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ብቻ ያሉት ከሆነ አታገኙትም። በካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን አለ። ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካለም ጠይቁት፤ ከመዝሙሩ በኋላ የሚከተሉት 15 ጸሎተ ነቢያት ውስጥ የሦስቱ ልጆች ጸሎት ይገኛል፤ ምናልባትም በቃሉ ይወጣላችኋል።

አዛርያ የሚጸልየው ምን መሰላችሁ? አውጣን ማለቱ አይቀርም፤ ግን በዚያ አይጀምርም። አስቀድሞ ያመሰግናል፤ የደረሰብን ሁሉ በፍርድህ ነው፣ አንተ እውነተኛ ነህ ይላል። ቀጥሎ ባዶ እጁን ያሳያል፦ አለቃ የለንም፣ ነቢይ የለንም፣ መሥዋዕት የምናቀርብበት ቦታም የለንም። ስለዚህ በብዙ ሺህ ጠቦት ፋንታ የተሰበረውን ልባችንን ተቀበል ብሎ ይለምናል፤ በሙሉ ልባቸውም እንደሚከተሉት ይነግረዋል። ሰንጋም ጃንጥላም በሌለበት የቀረበ መባ ነው።

ይህን ስል በስለት ላይ ጣቴን የቀሰርኩ እንዳይመስላችሁ። ሐና ሳሙኤልን ያገኘችው ተስላ ነው። ቁልቢ ገብርኤልም ቢሆን ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የገቡት ስለት ፍሬ እንደሆነ ይነገራል። ደግሞ በማይክራፎን አንዲት እናት ከስንት ዘመን በኋላ ልጅ አግኝታ ስለቷን አመጣች ተብሎ ሲነገር፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሕፃኑ ግራ ገብቶት ጃንጥላው ሥር ሲቁለጨለጭ ያየ ሰው በዚያ ላይ ነገር ለማውጣት ልብ የለውም። ስለት ምስጋናን አስቀድሞ ቃል መግባት ነው። የሚያበላሸው ገብርኤልን ባለ ዕዳ ስናደርገው ነው፤ «ዘንድሮ ካልሰጠኝ ደጁን አልረግጥም» የሚል አልሰማችሁም? እኔ ዓይኔ የሚፈልገው ሌሎቹን ነው፤ ስለታቸው ያልሰመረ፣ ግን በየዓመቱ የሚመጡትን። እነሱን በማይክራፎን የሚጠራ የለም።

ሦስቱ ልጆች ከእሳት ወጡ፤ ያልወጡስ? ከአገራችን ታሪክ ይህን ሳስብ ቀድመው የሚመጡልኝ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በደርግ ዘመን ታስረው ተፈቱ፤ እንደገና ታስረውም ተፈቱ። በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። እስቲ አስቡት፤ ባልና አባት የሆነ ሰው፣ ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ፣ የተከፈተ በር አጠገብ ቆሞ እምቢ ሲል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ።

ወይዘሮ ፀሐይ በዚያ ሌሊት ቢለቀቁም በኋላ ታስረው ክፉኛ ተሰቃዩ፤ አሥር ዓመት ገደማም በእስር ቆዩ። የባላቸው አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደተጣሉ የነገራቸው አልነበረም፤ እምነታቸውን ግን አልጣሉም።