የኪሎ ሜትር መዝገብ በጀርመን ከተሞች

በጀርመን አገር ተሳታፊ የሆነ ከተማ ሁሉ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ተከታታይ 21 ቀኖች ይመርጣል። በእነዚህ ቀኖች ወደ ሥራና ወደ ገበያ በብስክሌት የሚመላለሱ ሰዎች፥ ቡድን አቋቁመው የሄዱበትን ኪሎ ሜትር እየመዘገቡ በወዳጅነት ይወዳደራሉ። ሽታትራዴልን የተባለውን ይህን ውድድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ክሊማ ቡንድኒስ የተባለው የከተሞች ማኅበር ነው፤ በ2023 ዓ.ም. የተወዳዳሪዎቹ ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

ነጋዴን የሚያስደንቀው የመዝገቡ አያያዝ ነው። ኪሎ ሜትሩን በስልክ ማስቈጠር ቢቻልም፥ ባለ ብስክሌቱ ራሱ የጻፈው ሒሳብም ይታመናል፤ በየደጁ የሚቆም ተቈጣጣሪ የለም። በስፖርት እሽቅድድምና በቤት ውስጥ መለማመጃ የተረገጠው ግን አይቈጠርም። እስከ 250 ዋት የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ብስክሌት ተፈቅዷል፤ አስመጪዎች ይህን ልብ ይሏል።

ቡድን ለማቋቋም ሁለት ሰው ይበቃል። ውጤቱ በድምር ብቻ ሳይሆን በነፍስ ወከፍም ስለሚሰላ፥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ትልቁን ፋብሪካ ልትበልጥ ትችላለች።

ቁም ነገሩ ግን የከተማ ምክር ቤት አባሎችም መወዳደራቸው ነው። ስለ መንገድ በጀት ድምፅ የሚሰጠው ሰው በዚያው መንገድ ፔዳል ሲረግጥ፥ የተቦረቦረውን አስፋልት ከወረቀት ይልቅ በወገቡ ያውቀዋል። ሌሎችም ተሳታፊዎች ያገኙትን ጕድጓድ ለከተማው አስተዳደር የሚያመለክቱበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸዋል። በ21ዱ ቀኖች አውቶሞቢል ውስጥ ጨርሶ ያልገባ ደግሞ «ኮከብ» ይባላል፤ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ይህን ማዕርግ የሚሻማ ብዙ ሰው የሚገኝ አይመስልም።