ማዮማ ያለባት ነፍሰ ጡርና የመድኃኒት አማና

  

የዛሬው ርዕሳችን በአሰላ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከቀረበልን ጥያቄ የተነሳ ነው። አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ፣ “ሼኽ፣ ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን ክፉኛ ያማታል። እናቴ ሄጦ ትጠጣ ይላሉ። ጎረቤታችን የወገብ ማስታገሻ መርፌ አስወጋት አለኝ። ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት የሚያያት ወንድ ነው ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?” አለን። “ወንድማችን፣ ምንም ሳታጠጣና ሳታስወጋ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን” አልነው። በአልትራሳውንድ ስትታይ በማህፀኗ ማዮማ ተገኘ። በሐኪም ክትትል ቆይታ በሰላም ተገላገለች፤ አልሐምዱ ሊላህ። ያን ዕለት በኋላ ያልነውን ዛሬ ለሁላችሁም እንናገራለን።

ማዮማ ምንድን ነው?

ማዮማ ወይም ፋይብሮይድ የሚባለው ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል እጢ ነው። ካንሰር አይደለም። በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። መጠኑ ከባቄላ ፍሬ አንስቶ ከብርቱካን እስከሚበልጥ ይደርሳል። ብዙ እናቶች እንዳለባቸው የሚያውቁት ለእርግዝና ክትትል በአልትራሳውንድ ሲታዩ ነው። የሲሕር ወይም የቡዳ ምልክት አይደለም፤ ለእህታችንም ነውር አይሆንባትም። ማዮማ እያለባቸው ያለ ችግር የሚወልዱት እናቶች ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ችግር የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ሕመም ነው። እጢው የሚያስፈልገውን ያህል ደም ሳያገኝ ሲቀር ከውስጡ ይሞታል፤ ያኔ በአንድ በኩል የበረታ ሕመም፣ አንዳንዴም ትኩሳትና ማስታወክ ይመጣል። ይህ ይበልጥ የሚታየው በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ የእንግዴ ልጁ በእጢው ላይ ከተቀመጠ ያለ ጊዜው ሊላቀቅና ደም ሊፈስ ይችላል። ሦስተኛው፣ እጢው ቦታ ሲያጣብብ ልጁ በእግሩ ወይም በጎኑ ይተኛል፤ ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ፣ ወሊዱም በቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። አራተኛው፣ ከወሊድ በኋላ ማህፀኑ በሚገባ ባለመኮማተሩ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ማዮማ ያለባት እናት ቤት ውስጥ ሳይሆን ቀዶ ሕክምናና ደም ባለበት ሆስፒታል እንድትወልድ እንመክራለን። በእርግዝና ወቅት እጢውን ቀዶ ማውጣት ደም ስለሚያፈስ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ አያደርጉትም፤ ሕመሙን እያስታገሱ ይጠብቃሉ።

የማስታገሻው ጉዳይ

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡን። በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በክኒንም ሆነ በመርፌ፣ ከ20ኛው ሳምንት፣ ማለትም ከአራት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ምክንያቱ ይህ ነው። ልጁ የሚንሳፈፍበት የሽርት ውሃ በአብዛኛው ከልጁ ሽንት የሚመጣ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የልጁን ኩላሊት ሥራ ያዳክማሉ፤ ውሃውም ያንሳል። እርግዝናው ከገፋ ደግሞ በልጁ ልብ አጠገብ ያለውንና እስኪወለድ ድረስ ክፍት መሆን የሚገባውን የደም ሥር ያለ ጊዜው ሊዘጉት ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ 20ኛው ሳምንት ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ እየተከታተለ ካዘዘ ያ የእርሱ ኃላፊነት ነው። ለደም ግፊት መከላከያ ተብሎ አነስተኛ አስፕሪን የታዘዘላት እናትም በዚህ ንግግራችን ምክንያት እንዳታቋርጥ።

ለነፍሰ ጡር በቅድሚያ የሚመረጠው ማስታገሻ ፓራሲታሞል ነው። እሱም ቢሆን ልክ አለው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ሕመሙ የበረታ ከሆነ ክኒን እየዋጡ ቤት መቆየት አይገባም።

ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የልጁን ጥርስና አጥንት ይነካሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ለጽንስ አይሆኑም። ግን የግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት በራሷ አታቋርጥ፤ ሐኪሙ እንዲቀይርላት እርጉዝ መሆኗን ቶሎ ትንገረው።

“ሁሉም ሰው የሚወስደው ነው” የሚለው ቃል ዓለምን አንድ ጊዜ ክፉኛ አሞኝቷል። ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ገበያ ሲወጣ እንቅልፍ የሚሰጥ፣ የማይጎዳ መድኃኒት ነው ተባለ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ እጅና እግራቸው ያልተሟላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተወለዱ።

ኮሶና ሌላው የባህል መድኃኒት

በኦሮምኛ ሄጦ የምንለው ኮሶ በአርሲ ከፍታዎቻችን የሚበቅል፣ አባቶቻችን ለኮሶ ትል ሲጠጡት የኖሩ ዛፍ ነው። ነገር ግን ኃይለኛ ነው፤ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል፣ ጽንስ እንደሚያስወርድም ከጥንት የታወቀ ነው። ማዮማ ደግሞ ትል አይደለም፤ በማስቀመጥ አይወጣም። ሬትንና በብዛት ተቀቅሎ የሚጠጣ ጤና አዳምንም ነፍሰ ጡር አትንካ። ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ ምግብ ነው፤ ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር ደኅንነቱ አልተረጋገጠም። ዱዓና ሩቃ መልካም ናቸው፤ ከሕክምና ጋር አይጣሉም።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆንም አስተምረዋል። ስለዚህ “እኔን አድኖኛል” ብሎ ለነፍሰ ጡር መርፌ የሚጠቁም ጎረቤት ይጠንቀቅ።

ሴት ሐኪም ከተገኘች ትቅደም። ካልተገኘች ግን ባሏ ወይም መሕረሟ አብሯት እያለ ወንድ ሐኪም የሚያስፈልገውን ያህል ቢያያት ዑለማዎች ፈቅደዋል። ሐያእ ነፍስን ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም።

በረመዳን ለራሷ ወይም ለጽንሷ የምትፈራ እናት ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ በኋላ ቀዷ ታወጣለች። በሻፊዒይ መዝሀብ ፍርሃቷ ለልጁ ብቻ ከሆነ ፊድያም ይጨመራል። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ባሎች ሆይ፣ ክትትሉ የእናንተም ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። የምትወስደውን ሁሉ፣ ሥራ ሥሩንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። የታዘዘላትን የደም ማነስ ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰድ፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉና።

ደም ከታየ፣ ሕመሙ ካልበረደ፣ ትኩሳት ካለ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነገ አትበሉ። ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ ወይም ከዚያ ርቃችሁ የምትኖሩ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱን ታውቁታላችሁ። የመውለጃዋ ቀን ሳይደርስ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካከሩ፤ የእናቶች ማቆያ ካለ ቀድማ ትግባ። ለከባዱ ጉዳይ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

አማቶችና እናቶች ሆይ፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን፤ ሄጦውን ስታቀርቡም ለማዳን አስባችሁ ነው። ነገር ግን በማህፀን ያለው ልጅ አላህ በእጃችን ያኖረው አማና ነው፤ አማና ደግሞ በግምት አይያዝም። አላህ (ሱ.ወ) ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን። አሚን።