ጠማማ እግር ይዞ መወለድ ርግማን አይደለም

ጎተራ ያለው ገበሬ ድመት ያስፈልገዋል። አይጥ እህል ይፈጃል፤ ድመት አይጥ ትይዛለች። ታዲያ ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ዳር፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ድመታችን ወልዳ የአንዱ ግልገል እግር ጠማማ ቢሆን ምን እንላለን? «ቡዳ በላው»፣ «ገደ ቢስ ነው፣ ይጣል» የሚል አይጠፋም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ድመት የምታረግዘው ለ2 ወር ያህል ነው። የግልገሉ እግር የሚሠራው በዚህ ጊዜ፣ በማኅፀን ውስጥ ነው። አሠራሩ ሲዛባ እግር ይጎድላል ወይም ይጣመማል። አንዳንዱ ግልገል ከክንዱ ሁለት አጥንቶች አንዱ ያጥረዋል፤ ጭራሽ የማይኖረውም አለ። ስለዚህ መዳፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሌላው ጣት ይበዛበታል። ደንበኛ ድመት 18 ጣት አላት፤ ከፊት በየእግሩ 5፣ ከኋላ በየእግሩ 4።

ምክንያቱስ?

አንዱ ዘር ነው። በአሜሪካ፣ በኪ ዌስት ደሴት፣ ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በኖረበት ቤት ትርፍ ጣት ያላቸው ድመቶች እስከ ዛሬ አሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ምክንያቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ለውጥ መሆኑን አሳወቁ። በሰውም ዘር በዚያው ስፍራ ለውጥ ሲኖር ሕፃን ትርፍ ጣት ይዞ ይወለዳል። ርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም።

ሌላው መድኃኒት ነው። ለጭርት የሚሰጠው ግሪሶፉልቪን ላረገዘች ድመት ቢሰጥ፣ ግልገሎቿ አካላቸው ጎድሎ ሊወለዱ ይችላሉ።

ምን እናድርግ?

1. ግልገሉ የሚጠባና የሚያድግ ከሆነ አንጣለው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? በሦስት እግሯ የምትሄድ ድመትም አይጥ ማደን አትረሳም።
2. ጉድለቱ በዘር እንዳይተላለፍ አናራባው። የእንስሳት ሐኪም ሊያመክነው ይችላል።
3. ላረገዘች ድመት ሐኪም ሳንጠይቅ መድኃኒት አንስጥ።

ተጠንቀቁ! ጤነኛ የነበረች ድመት ድንገት እግሯ ቢሽመደመድ፣ ለሃጯ ቢዝረከረክ ወይም ያለ ዓመሏ ብትናከስ፣ ይህ አብሮ የተወለደ ጉድለት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በእጅ አትንኳት። የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በደሴም ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ዕውቀቱ ደጃችን ነው፤ እንጠይቅ።

የውይይት ጥያቄ፦ አብሮ የተወለደን ጉድለት በኋላ ከመጣ በሽታ እንዴት እንለያለን?